በዘይትና በውሃ የሚሠራው ባለቀለም ስክሪን፦ ልጠብቀው ወይስ ልተወው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ሜዳ ላይ የሚቆም የውሃ ከፍታ መለኪያ እየሠራሁ ነው። ስክሪኑ የመዳፍ ስፋት ይኖረዋል። በየ10 ደቂቃው ቁጥር ያሳያል፤ ከቁጥሩ ጎን አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት ይወጣል። ስለ ኤሌክትሮዌቲንግ ስክሪን ሳነብ ምስሉ አንዴ ከወጣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ቀለሙ እንደ መጽሔት ነው፣ ፀሐይ ላይም ይነበባል ይላል። ታዲያ ገበያ ላይ ለምን አጣሁት? ከኤሌክትሮኒክ ቀለም በምን ይለያል? ልጠብቀው ወይስ ሌላ ልፈልግ? ራሴም ሞክሬው ነበር። የመዳብ ሳህን ላይ የምግብ መሸፈኛ ቀጭን ፕላስቲክ ዘርግቼ፣ የጨው ውሃ ጠብ አድርጌ 9 ቮልት ባትሪ አገናኘሁበት። ጠብታው ምንም አልሆነም።»

«ምስሉ አንዴ ከወጣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም» የሚለው ስለ ኤሌክትሮዌቲንግ እውነት አይደለም። ይህ የኤሌክትሮኒክ ቀለም፣ ማለትም እንደ ኪንድል ባሉ የመጽሐፍ ማንበቢያዎች ላይ ያለው ስክሪን፣ ጸባይ ነው። የሁለቱ ስም አብሮ ስለሚነሳ የአንዱ ጸባይ ለሌላው እየተሰጠ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለቱም የራሳቸው መብራት የላቸውም። ከውጭ የመጣውን ብርሃን እንደ ወረቀት መልሰው ያሳያሉ። ስለዚህ ፀሐይ ሲበረታ ይበልጥ ይነበባሉ። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። የኤሌክትሮዌቲንግ ስክሪን ቮልቴጁ ሲቋረጥ ምስሉ ይጠፋል። የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ይበላል። የእርስዎ ውሳኔ በሙሉ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሰም የተቀባ ገጽ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ንጹሕ መስታወት ላይ ሲሆን ግን ተኝቶ ይሰፋል። ልዩነቱ የሚመጣው ውሃው ከራሱ ጋር ያለው መሳሳብና ከሥሩ ካለው ገጽ ጋር ያለው መሳሳብ ስለሚፎካከሩ ነው። ኤሌክትሮዌቲንግ በዚህ ፉክክር ውስጥ ሦስተኛ ጉልበት ያስገባል። ከታች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ገጽ አለ። በላዩ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ውሃም የማይወደው ቀጭን ማገጃ ተነጥፏል። ጠብታው ከዚያ በላይ ተቀምጧል። በጠብታውና በታችኛው ገጽ መካከል ቮልቴጅ ሲደረግ ሁለቱ ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ ማጠራቀሚያ፣ ይሆናሉ። ተቃራኒ ቻርጆች ማገጃውን መሀል አድርገው ይሳሳባሉ። ይህ መሳሳብ በጠብታው ጠርዝ ላይ ወደ ውጭ ይጎትታል፤ ጠብታውም ይሰፋል። ቮልቴጁ ሲቋረጥ ተመልሶ ይድቦለቦላል። ብዙ ጽሑፎች «ገጹ ውሃ ወዳድ ይሆናል» ይላሉ። ገጹ ግን ያው ነው፤ ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው ጠርዙን የሚጎትተው ጉልበት ነው። ምስሉ ያለ ቮልቴጅ የማይቆየውም ለዚህ ነው። የሚጎትተው ሲለቅ ፈሳሹ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ያ ጉልበት በዋናነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው ቮልቴጁ ነው፤ ያውም በካሬው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው የማገጃው ውፍረት ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። የእርስዎ ሙከራ የከሸፈው እዚህ ላይ ነው። የምግብ መሸፈኛ ፕላስቲክ ውፍረቱ 10 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በዚህ ውፍረት 9 ቮልት ሲደረግበት ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው አንግል ኮሳይን የሚለወጠው ከአንድ ሺኛ ብዙም በማይበልጥ መጠን ነው። ይህን ዓይን አያየውም። ፕላስቲኩም ቢሆን ለዚህ የሚሆን ልስላሴ የለውም፤ የጠብታውን ጠርዝ ይዞ ያስቀረዋል። በዓይን የሚታይ ለውጥ ለማግኘት በዚያ ውፍረት 150 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል።

ቁጥሩን የነገርኩዎት እንዲሞክሩት አይደለም። እንዲያውም ለማስጠንቀቅ ነው። ከግድግዳ ሶኬት ቀጥታ መስመር ስበው የጨው ውሃ ላይ እንዳያደርጉ። ቀጭኑ ፕላስቲክ አንድ ቀዳዳ ካለው ሳህኑም ውሃውም እጅዎም አንድ መስመር ይሆናሉ። ማየት ከፈለጉ ማገጃውን ያሳሱ፤ ቮልቴጁን ከፍ አያድርጉ። በስስ ኦክሳይድ በተሸፈነ አሉሚኒየም ላይ ውሃ የማይወድ ቀለም ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ከጥቂት አስር ቮልት ባልበለጠ፣ ከረንቱ በትልቅ ሬዚስተር በተገደበ ምንጭ መሞከር ይቻላል። ጠብታው ውስጥ አረፋ ካዩ ማገጃው ተበስቷል ማለት ነው። ያኔ ውሃውን ወደ ጋዝ እየከፈሉት ነው፤ ያቁሙ።

አረፋው ትልቅ ታሪክ አለው። የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የፈሳሽን ገጽ እንደሚያዝ በሥርዓት ያጠናው ፈረንሳዊው ጋብሪኤል ሊፕማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1875። የሠራው ሜርኩሪን ከአሲድማ ውሃ ጋር አገናኝቶ ነበር። በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሜርኩሪው ከፍታ በትንሽ ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በዚሁ ዘዴ የተሠራው መለኪያ በ1887 የሰውን የልብ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቅዳት አገልግሏል። ሊፕማን በ1908 የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ግን በባለቀለም ፎቶግራፍ ሥራው ነው። ዘዴው በዚያ መልኩ ሩቅ አልሄደም። ፈሳሹና ብረቱ በቀጥታ ስለሚነካኩ ቮልቴጁ ጥቂት ሲጨምር ውሃው ይከፈላል። በ1981 በቤል ላቦራቶሪ የነበሩት ጄራርዶ ቤኒና ሱዛን ሃክዉድ «ኤሌክትሮዌቲንግ» የሚለውን ስም ይዘው ስክሪን የመሥራት ሐሳብ አቀረቡ። ቁልፉን ያገኘው ግን ብሩኖ በርዥ ነው፤ በ1993። በፈሳሹና በብረቱ መካከል ስስ ማገጃ አስገባ። ከዚያ በኋላ ውሃውን ሳይከፍሉ ብዙ ቮልት ማድረግ ተቻለ። አሁን የምናወራው ሁሉ የቆመው በዚያች ስስ ሽፋን ላይ ነው። የሚያስቸግረውም በእሷው ምክንያት ነው።

ወደ ስክሪኑ እንምጣ። በ2003 በኔዘርላንድስ የፊሊፕስ ምርምር ክፍል ሮበርት ሄይስና ዮሃን ፌንስትራ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ቪዲዮ የሚያሳይ የኤሌክትሮዌቲንግ ወረቀት አሳዩ። አሠራሩን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል፤ በጣም ቀላል ነውና። ከታች ነጭ ገጽ አለ። በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ኤሌክትሮድ (ቮልቴጁ የሚደረግበት ገጽ) እና ውሃ የማይወድ ፍሎሮፖሊመር የተባለ ፕላስቲክ ተነጥፏል። ስክሪኑ በትናንሽ ግድግዳዎች ወደ ክፍሎች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ፒክስል ነው። በየክፍሉ 10 ማይክሮን ገደማ ውፍረት ያለው ባለቀለም ዘይት አለ። ከላይ ውሃ ሁሉንም ሸፍኖታል። ቮልቴጅ በሌለበት ዘይቱ ፍሎሮፖሊመሩን ይወዳልና ክፍሉን በሙሉ ይሸፍናል፤ የዘይቱ ቀለም ይታያል። ቮልቴጅ ሲደረግ ውሃው ወደ ታች ይሳባል። ዘይቱ ተገፍቶ ጥግ ላይ ይሰበሰባል። ነጩ ገጽ ይገለጣል። መስኮት ላይ ያለ መጋረጃ ወደ ጥግ እንደመሰብሰብ ነው። ቮልቴጁ ትንሽ ሲሆን መጋረጃው ገርበብ ይላል፤ ሲጨምር የበለጠ ይከፈታል። ግራጫ ደረጃዎች የሚገኙት በዚህ ነው።

«ዘይትና ውሃ ከሆነ መሣሪያው ሲገለበጥ አይደባለቅም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አይደባለቅም። ከ2 ሚሊሜትር በታች ባለ ስፋት የፈሳሹ ገጽ ውጥረት ከስበት ይበልጣል። ፒክስሎቹ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። ቢዘቀዝቁትም ቢያናውጡትም ዘይቱ ከክፍሉ አይወጣም። ማነሱ ሌላም ጥቅም አለው። ዘይቱ የሚጓዘው አጭር ስለሆነ በ10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ተከፍቶ ይዘጋል። ቪዲዮ ለማሳየት ይህ በቂ ነው። በኤሌክትሮኒክ ቀለም ውስጥ ግን ቻርጅ ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ እየዋኙ መጓዝ አለባቸው። ጥቁርና ነጭ ለመቀየር በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይወስድባቸዋል። ቀለም ሲጨመር ደግሞ ወደ ሰከንዶች ይሄዳል። ይህ መዘግየት ነገሩን ከሌላ ወገን ሲያዩት ጥቅም ነው። ቅንጣቶቹ ያለ ጉልበት አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ ኃይሉ ሲቋረጥ ባሉበት ይቆያሉ። አንዱ ፈጣን የሆነውና ሌላው ምስል የሚያስቀረው በአንድ ምክንያት ነው።

ቀለም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ኤሌክትሮዌቲንግ ብዙ ሰው ያስጓጓው በዚህ ነውና። ባለቀለም ስክሪን ለመሥራት ቀላሉ መንገድ ፒክስሉን ሦስት ቦታ ከፍሎ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፊልተር መደረብ ነው። የራሱ መብራት ላለው ስክሪን ይህ አያስቸግርም፤ መብራቱን መጨመር ይቻላል። በውጭ ብርሃን ለሚሠራ ስክሪን ግን ከባድ ቅጣት ነው። እያንዳንዱ ፊልተር ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ያሳልፋል። ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ግራጫ ይሆናል። ቀይ ሲያሳዩ ደግሞ ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱ ጨለማ ናቸው፤ ቀዩ የደበዘዘ ይሆናል። ፊልተር ያለው ባለቀለም ኤሌክትሮኒክ ቀለም የታጠበ ልብስ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ኤሌክትሮዌቲንግ ሌላ መንገድ አለው። ዘይቱ ራሱ ባለቀለም ስለሆነና ተሰብስቦ ከመንገድ ገለል ማለት ስለሚችል፣ ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) እና ቢጫ ዘይት ያላቸው ሦስት ንብርብሮች እላይ በላይ ይደረደራሉ። ማተሚያ ቤት ወረቀት ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ቀይ ሲፈለግ ማጀንታውና ቢጫው ይዘረጋሉ፤ ሲያኑ ይሰበሰባል። የፒክስሉ ሙሉ ስፋት ቀይ ይሆናል። ነጭ ሲፈለግ ሦስቱም ይሰበሰባሉ። በ2003 የቀረበው የቀለም ሐሳብ በወቅቱ ከነበረው ብርሃን መላሽ ኤልሲዲ (የካልኩሌተር ዓይነት ስክሪን) 4 እጥፍ ይደምቃል ተብሎ ተሰልቶ ነበር። እርስዎ ያነበቡት «እንደ መጽሔት» የሚለው አባባል መሠረት አለው።

በተግባር ግን ሦስት ንብርብር ማለት ሦስት ስክሪን ማለት ነው። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ኤሌክትሮድ፣ የራሱ ማገጃ፣ የራሱ ዘይት ይፈልጋል። ብርሃን ሲገባ ሦስቱን ያልፋል፤ ሲመለስም ሦስቱን ያልፋል። በእያንዳንዱ መስታወት ትንሽ ይጠፋል። ዘይቱ ሲሰበሰብም ጨርሶ አይጠፋም፤ ከክፍሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ጥግ ላይ ይዞ ይቀራል። ንብርብሮቹ ልክ ካልገጠሙ ደግሞ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይንሸራተታል። ለትልቅ የውጭ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይህ ይቻላል፤ ፒክስሉ ትልቅ ስለሆነ። ለመዳፍ ስክሪን ግን ራስ ምታት ነው።

ስለ ኃይሉ በቁጥር እንነጋገር። ማገጃው 1 ማይክሮን ይሁን፤ ቮልቴጁ 20 ይሁን። ስክሪኑ 6 በ8 ሴንቲሜትር ይሁን። ሁሉንም ፒክስል አንድ ጊዜ ለመክፈት ፈሳሹ ራሱ የሚፈልገው ኃይል 0.03 ሚሊጁል ያህል ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ሁሉንም ብንከፍትና ብንዘጋ 2 ሚሊዋት ገደማ ይሆናል። የስልክ ስክሪን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊዋት ይበላል፤ አብዛኛውን የሚወስደው ብርሃን ማመንጨቱ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ለሚያሳይ ነገር 2 ሚሊዋት ድንቅ ነው። ይህ ግን የፈሳሹ ብቻ ነው። ፒክስሎቹን የሚያዙት መስመሮችና ሰርኪዩቶች የራሳቸውን ይወስዳሉ፤ ብዙ ጊዜም ከፈሳሹ ይበልጣሉ። ምስሉ ባይቀየር እንኳ ሰርኪዩቱ ቮልቴጁን እየመላለሰ ማደስ አለበት።

ለምን? ማገጃው ቻርጅ ይውጣል። ውሃው ውስጥ ካሉት አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) የተወሰኑት ቀስ በቀስ ማገጃው ውስጥ ይገቡና ይቀራሉ። እነሱ በገቡ መጠን ከውጭ የሚደረገው ቮልቴጅ ይዳከማል። ተሰብስቦ የነበረው ዘይት ቮልቴጁ ሳይቋረጥ መልሶ ይዘረጋል። ስክሪኑ ሳይነካ ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል ማለት ነው። መፍትሔው አልፎ አልፎ ቮልቴጁን ማጥፋት ወይም አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ይህም የራሱን ኃይልና የራሱን ብልጭታ ያመጣል። የማይንቀሳቀስ ምስል ለኤሌክትሮዌቲንግ ቀላል ሥራ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ በጣም የሚያስቸግረው እሱ ነው።

አሁን «ለምን አጣሁት» ወደሚለው እንሂድ። ታሪኩ አጭር ነው። ከፊሊፕስ ምርምር በ2006 ሊኳቪስታ የተባለ ድርጅት ወጣ። በ2011 ሳምሰንግ ገዛው። በ2013 አማዞን ገዛው፤ ሁሉም ሰው ባለቀለም ኪንድል መጣ ብሎ ጠበቀ። በ2018 አማዞን ዘጋው። በመደብር የሚሸጥ መሣሪያ አልወጣም። ሁለት የዓለም ግዙፍ ድርጅቶች እጃቸውን ያስገቡበት ነገር ሳይወጣ ሲቀር «አፈኑት» የሚል ወሬ ይነሳል። እኔ ወሬው አያስፈልግም ባይ ነኝ። የፊዚክሱና የፋብሪካው ችግር ራሱ በቂ ነው።

አንዱን ልንገርዎ። ፍሎሮፖሊመሩ የተመረጠው ምንም ነገር ስለማይጣበቅበት ነው። የፒክስሎቹ ግድግዳዎች ግን እሱ ላይ መጣበቅ አለባቸው። ምንም የማይጣበቅበት ነገር ላይ ግድግዳ መገንባት! የተገኘው ዘዴ ገጹን በፕላዝማ (ቻርጅ ባለው ጋዝ) ለጊዜው ማበላሸት፣ ግድግዳውን መሥራት፣ ከዚያ በሙቀት ገጹን ወደ ቀድሞ ጸባዩ መመለስ ነው። ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ዘይቱ በየቦታው ይያዛል። ቀጥሎ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ክፍሎች ውስጥ እኩል ዘይት መጨመር አለ። አንዱ ትንሽ ከበዛበት ቶሎ አይከፈትም፤ ካነሰው ቀለሙ ይሳሳል። ይህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ መታሸግ አለበት፤ ውሃው ደግሞ ለዓመታት ሳይተን መቆየት አለበት። የዘይቱ ማቅለሚያም ቢሆን በ10 ማይክሮን ብቻ ብርሃኑን የሚውጥ፣ ወደ ውሃው የማይሸሽ፣ በፀሐይ የማይነጣ መሆን ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለ ማቅለሚያ እንደ ልብ አይገኝም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ማምለጫ የሌለው አንድ የሒሳብ ወጥመድ አለ። ቮልቴጁን ቀንሰን ርካሽ ሰርኪዩት እንጠቀም ብንል፣ በግማሽ ቮልቴጅ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት ማገጃውን በ4 እጥፍ ማሳሳት አለብን። ያኔ በእያንዳንዱ ማይክሮን ላይ የሚያርፈው ጫና እጥፍ ይሆናል። ማገጃው ለመበሳት ይቀርባል፤ ቻርጅ የመዋጡም ነገር ይባባሳል። ማገጃውን ብናወፍር ቮልቴጁ ይሰቀላል። በመካከል ያለው ጠባብ መንገድ ላይ በቤተ ሙከራ መሄድ ይቻላል። በሚሊዮን ስክሪን፣ በብርድና በሙቀት፣ ለዓመታት መሄድ ግን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ እየተሞከረ ሳለ የስልክና የቴሌቪዥን ስክሪኖቹ ኤልሲዲና ኦሌድ ረከሱ። የኤሌክትሮኒክ ቀለምም ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ሄደ። ኤሌክትሮዌቲንግ የሚገባበት ክፍተት ጠበበ።

ቴክኖሎጂው ሞተ ማለቴ አይደለም። በርዥ በ2002 ሊዮን ከተማ ያቋቋመው ቫሪኦፕቲክ ይህንኑ ፊዚክስ ለካሜራ ሌንስ አዋለው። በውሃና በዘይት መካከል ያለው ገጽ በቮልቴጅ ይጎብጣል፤ ፎከሱ ይቀየራል፤ የሚንቀሳቀስ ሞተር የለም። የፋብሪካ ካሜራዎችና ባርኮድ አንባቢዎች ይጠቀሙበታል። በሕክምና ላቦራቶሪም ጥቃቅን ጠብታዎችን ከኤሌክትሮድ ወደ ኤሌክትሮድ እያራመዱ መቀላቀልና መመርመር ተችሏል። ሌንሱ አንድ ጠብታ ነው፤ ስክሪኑ ሚሊዮን ጠብታ ነው። አንዱን በጥንቃቄ መሥራት ይቻላል፤ ሚሊዮኑን እኩል ማድረግ ነው የከበደው። በስክሪን ላይም የሚመራመሩ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አሁንም አሉ፤ በተለይ በቻይና። ነገር ግን እርስዎ ዛሬ ገዝተው ሰርኪዩትዎ ላይ የሚሰኩት ሞጁል ከዚያ አይመጣም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አይጠብቁ። መሣሪያዎን በኤሌክትሮዌቲንግ ስክሪን ላይ አያቅዱ። ቢገኝ እንኳ ለእርስዎ ሥራ ትክክለኛው ምርጫ አይደለም። የእሱ ብልጫ ፍጥነት ነው፤ የእርስዎ ቁጥር ግን በ10 ደቂቃ አንዴ ነው የሚቀየረው።

የሚገዙት ባለ 4 ቀለም ኤሌክትሮኒክ ቀለም ሞጁል ይሁን፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይና ቢጫ ያለው። አረንጓዴ የለውም ይሉኝ ይሆናል። እኔ እንዲያውም አረንጓዴውን እንዲተዉት እመክራለሁ። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የጎርፍ ምልክት በቀለም ብቻ መቆም የለበትም። ደህና ሲሆን ጥቁር የራይት ምልክት፣ ሲጠጋ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ አደጋ ሲሆን በቀይ የተሞላ ትልቅ ሳጥን ያድርጉ። ቀለሙ ያልታየው ሰው ቅርጹን ያያል። አረንጓዴ የግድ ካስፈለገ ስድስት ቀለም ያላቸው አሉ፤ ዋጋቸው ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ያለ ኃይል ይቆያል» ማለት «በነጻ ይቀየራል» ማለት አይደለም። ባለቀለም ሞጁል አንድ ጊዜ ሲታደስ 20 ሰከንድ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያ ጊዜ 30 ሚሊዋት ይበላል ብንል 0.6 ጁል ነው። በየ10 ደቂቃው ከሆነ በቀን 144 ጊዜ ነው፤ ወደ 86 ጁል ይሆናል። ለፀሐይ ፓነል ይህ ትንሽ ነው። ነገር ግን የሰዓት ስክሪን የሚያህል፣ በእያንዳንዱ ፒክስል ሥር ማህደረ ትውስታ ያለው ብርሃን መላሽ ኤልሲዲ ሁልጊዜ በርቶ 50 ማይክሮዋት ቢበላ በቀን 4 ጁል አካባቢ ብቻ ነው። ኃይል ሁልጊዜ የሚፈልገው ስክሪን ኃይል ከማይፈልገው ያነሰ በላ ማለት ነው! ስክሪንዎን ከ2 ኢንች በታች ማድረግ የሚችሉና ሰው ቀርቦ የሚያነበው ከሆነ እሱን ይምረጡ። 8 ወይም 64 ቀለም የሚያሳዩ አሉ፤ አረንጓዴውንም ያገኙታል፤ ቀለሙ ግን ፈዘዝ ያለ ነው። የመዳፍ ስፋት የግድ ከሆነ በኤሌክትሮኒክ ቀለሙ ይጽኑ።

ከዚያ የቀረው የፕሮግራሙ ነው። በየ10 ደቂቃው ይለኩ፤ ስክሪኑን ግን የውሃው ከፍታ በሚታይ መጠን ሲለወጥ ብቻ ያድሱት። ውሃ ብዙ ቀን ፀጥ ብሎ ይውላል። ምንም ባይለወጥም በቀን አንድ ጊዜ ያድሱት፤ ምስል ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ከቆየ ጥላው ሊቀር ይችላል። በማደስ መሀል ኃይል እንዳይቋረጥ ከባትሪው አጠገብ በቂ ካፓሲተር ያስቀምጡ፤ ግማሽ የተቀየረ ቁጥር ከባዶ ስክሪን ይብሳል። የለኩበትን ሰዓትም በትንሹ ጥግ ላይ ይጻፉ። ይህንን አደራ እላለሁ። ባትሪው ያለቀ መሣሪያ የኤሌክትሮኒክ ቀለም ካለው የትናንቱን «ደህና» ዛሬም ያሳያል። ሰው የሚያምነው ደግሞ ያየውን ነው።

ሞጁሉን ሲገዙ የሙቀት ወሰኑን ይመልከቱ። ብዙዎቹ ባለቀለም ሞጁሎች ከ0 ዲግሪ በታችና ከ40 ወይም ከ50 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ አልተዘጋጁም። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ ሳጥን ደግሞ ውስጡ ከአየሩ በላይ ይሞቃል። ሳጥኑን ነጭ ያድርጉት፤ ከላይ ጥላ ይስጡት፤ ፊቱ ላይ አልትራቫዮሌት የሚያግድ መስታወት ያድርጉ። ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቴርሞሜትር ባዶው ሳጥን ውስጥ ከትተው አንድ ሙሉ ቀን ሜዳ ላይ ያቁሙት።